ድንቅቱ እምቢ ያለችው ሰውዬ

የባሌ እህት ድንቅቱ ከሌለችበት ጌዶ ላይ ሰርግ አይደገስም ነበር። ወጥ ስትሠራ ቀማሽ አትፈልግም፣ ማሽተት ይበቃታል። የሰውን ልጅ ሁሉ ስትድር ኖራ እሷን የሚጠይቅ ሳይመጣ አርባን ተጠጋች። የምትኖረው እኛ ቤት ነው፣ ከወንድሟ ከሞቱማና ከእኔ ጋር።

ሆርዶፋ የሚባለው ሰውዬ ደግሞ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበረው። ደርግ ትልልቁን ሆቴል ሲወርስ የእሱ ትንሽ ስለነበረች ተረፈች። ከነቀምት የሚመጣው አውቶቡስ ለምሳ እዚያ መቆም ሲጀምር ቤቱ ጠበበው። ክፍል ጨመረ፣ ገንዘብ ተቀባይ ቀጠረ፣ አስተናጋጅ ቀጠረ። የቀረው ወጥ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ነበር። አንዷ ታሳርራለች፣ ሌላዋ ቅቤውን በጓሮ ታወጣለች። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ተቆጣጣሪ የለውም። መንገደኛውም እያጉረመረመ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመረ። ያለ ጥሩ ወጥ ሠሪ መዝጋቱ ነው ሲባል፣ ድንቅቱን አስጠየቀ።

ሞቱማ አስተማሪ ነው፣ ኩራቱ ለጉድ ነው። «እህቴ የመንገደኛ ወጥ አታማስልም!» ብሎ የተላከውን ሰው ከበር መለሰው።

ታዲያ ሆርዶፋ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከ! ለሥራ! ያላገባች ሴት ካለችበት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። በኋላ እንደሰማሁት፣ የገዛ እህቱ ይህንኑ ብትነግረው «ተይ እባክሽ፣ በዚህ ዕድሜዋ ማን ጋብቻ ያስባል?» ብሏታል። አፈር ያስበላው!

እኛማ አሰብን። «የሆርዶፋ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይመጣሉ» የሚል መልእክት በገበያተኛ ሲደርሰን እልል አልኩ። ሞቱማም «ለካ ሰውዬው ልቡ ሌላ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከኅብረት ሱቅ ስኳር ለምኜ አመጣሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ድንቅቱ ግን ዶሮዋን መበለት ያዘች። ቅዳሜ ጠዋት ሳያት ፀጉሯን ተሠርታ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች።

«እታገኝ፣ አልበዛም?» አለችኝ። ያ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሽማግሌዎቹ፣ ኦቦ ረጋሳና ኦቦ ተሬፋ፣ ገብተው ተቀመጡ። ሆርዶፋ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረ። እኛም ደንቡ ነው አልን፤ ጠያቂው አብሮ አይገባም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሲጫወቱ ቆዩና ኦቦ ረጋሳ ተነሡ።

«ድንቅቱን ፈልገን ነው የመጣነው። ያን ጊዜ ብትከለክለንም ዛሬ አታሳፍረን» አሉ።

«ለዚህስ እሺ ነው!» አለ ሞቱማ።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። እሺታውን ሲሰሙ መረቁና እጃቸውን ታጠቡ። ደጅ የተሰበሰቡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ሽማግሌዎቹ በእልልታው ግራ ተጋብተው ተያዩ፣ ግን ዶሮው ቀርቦ ነበር።

ኦቦ ተሬፋ አንዴ ጎረሱና፣ «ይቺን ይዘንማ! ከሰኞ ጀምራ ወጥ ቤቱን ትረከብ፤ ደመወዟም ቢሆን...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ የሞቱማን ፊት አዩ።

«የምን ደመወዝ?» አለ ሞቱማ።

ደግነቱ ሴቶቹ እልልታቸው ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ድንቅቱ ሳህን ይዛ መሐል ቤት ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እሷማ ምን ይሰማት!

ሆርዶፋ እልልታውን ሰምቶ፣ ሥራው ተስማማ ብሎ ሳቅ እያለ ገባ። ቀሚሷን አየ። የተሠራ ፀጉሯን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመደደው።

«ያ ዋቃ! ድንቅቱ፣ እኔ እኮ... ለክብርሽ ብዬ ነው ሽማግሌ የላክሁት» አለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

እሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ደጅ እንዳይሰማ።

«ለክብሬ ከሆነ፣ ውጣና ጠይቄያት እምቢ አለችኝ በላቸው።»

እንዲህ ብሎ ከወጣ በኋላ ድንቅቱ እሱ ቤት እንደማትሠራ ሆርዶፋ ያውቃል። እምቢ ያለችው ሰው ቤት ተቀጥራ ብትገባ ማን ያምናል? ዶሮውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወጣ። ተከተልኩት።

«ላገባት ጠይቄ ነበር» አለ ሴቶቹ ፊት። «አልፈለገችኝም።»

እልልታው ቀጥ አለ። አንዷ ከት ብላ ሳቀችበት። እሱ አንገቱን ደፍቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ምግብ ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ጌዶ ላይ ዛሬም «ድንቅቱ እምቢ ያለችው ሰውዬ» ነው የሚሉት። ሰርግ ቤት ሴቶቹ «ምነው፣ ያን የመሰለ ሰው?» ሲሏት፣ ወጧን እያማሰለች «አልወደድኩትማ» ትላለች።

አረንጓዴውን ቀሚስ ግን ዳግም ለብሳው አላየሁም።