የአረካ ጣሳ

ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡትን ከተማ በግማሽ ቀን ያወቁት መስሎዎት ያውቃል? እኔ በየቅዳሜው ይመስለኝ ነበር።

ወላይታ ሶዶ ተመድቤ ታሪክ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ደብተር ገዝቼ ለየከተማው አራት አራት ገጽ መደብኩ። ዘዴዬ ቀላል ነው። መጀመሪያ መናኸሪያው፤ ሰው ከመኪና ሲወርድ ይሮጣል ወይስ ቆሞ ያያል? ቀጥሎ ገበያው፣ ሁልጊዜ ከዳር ወደ መሀል። መሀል ያሉት የዛሬውን ዋጋ ይነግሩዎታል፤ የከተማውን ታሪክ የሚያውቁት ዳር የተቀመጡት ናቸው። ስለ ዲምቱ “መንገደኛ ታበላለች እንጂ አታሳድርም” ብዬ ጻፍኩ። ስለ ገሱባ ደግሞ “መንገዷ ስለሚያንገላታ የደረሰውን ሰው ቶሎ አትለቅም” አልኩ። ሶዶን ስለምኖርባት የማውቃት መስሎኝ ገጾቿን ባዶ ተውኳቸው። መምህራኑ “ቱሪስቱ” ይሉኝ ነበር።

አብሮኝ የሚዞረው በአንድ ግቢ የተከራየን የሂሳብ መምህር ነው። እኔ ወላይትኛ ስለማልችል የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነው። አረካ እንሂድ ስለው ግን ሰበብ አያጣም።

“አረካ ምን አለ? ባጃጅ ነው ያለው። ባጃጅ እዚህም ሞልቷል።”

ያን ሰሞን ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጅቷ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት፤ ቤተሰቧም ዘሩን አጣርቶ በሁለት ሳምንት ሊመልስ ቀጥሯል። ወላጆቹ እንደሞቱ ነግሯቸዋል። “ጭንቀትህን ትረሳለህ” እያልኩ ጎትቼ አረካ ወሰድኩት።

ከገበያው ዳር ሸክላ ሠሪዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ድስቱን ሁሉም ይገዛል፣ ይበላበታል። ድስቱን የሠራችውን ሴት ግን ብዙ ሰው ከቤቱ አያስገባም፤ ለልጇም ልጁን አይድርም። የሚጠሩበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሻይ ሻጯ ለገበያተኛው ሁሉ በብርጭቆ ትቀዳለች፤ ለእነሱ ግን የዛገ የድልህ ጣሳ አላት። እሱንም በእጃቸው አትሰጥም፤ መሬት ላይ አስቀምጣ ፈቀቅ ትላለች።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምልዎት፤ የአረካ ገጽ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

ዕድሜያቸው ከገፋ አንዲት ሸክላ ሠሪ ፊት ቁጢጥ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ።

“ልጅ አለዎት ወይ በላቸው።”

ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ድስታቸውን እያዩ ብዙ ተናገሩ።

“የለኝም ነው የሚሉት።”

“ይህን ሁሉ ተናግረው?”

“የለኝም ነው የሚሉት፣ አልኩህ!”

ልንነሳ ስንል ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው የታጠፈ ኮሌታውን አቃኑለት። ነጩ ሸሚዝ ላይ የጣታቸው ጭቃ ቀረ። እሱ ሶዶ እስክንደርስ ጭቃውን በምራቅ እያሸ ሄደ።

ገብቶኝ ነበር። ግን የገባኝን ነገር ሳላስረዳ ማደር አልችልም። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት፣ እሱ ክፍል ሳለ፣ ስለ ጣሳው ለመምህራኑ ተረክኩላቸው። ቀጥዬም እናቱን ቆሞ ስለካደ አንድ የተማረ ሰው ነገርኳቸው።

“ማን ነው እሱ?”

“ስም አልጠራም” አልኩ።

“እንቆቅልሽ ነው እንዴ፣ ቱሪስቱ? በቃ አገር እንስጥህ!” ሳቁ።

የስፖርት መምህሩ ግን አልሳቀም። “ቅዳሜ አብሮህ የሄደው ማን ነበር?” አለኝ። አንድ ውሸት ይበቃኝ ነበር። ዝም አልኩ።

ረቡዕ ሻይ የምታመጣልን ሴት ብርጭቆዎቹን በትሪ አዞረች። የእሱን ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ ቀድታ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችለት።

“ልዩ እንግዳ ሆንክ እኮ!” አለው የስፖርት መምህሩ።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። “ደብተርህን አልያዝክም? ለሶዶ የተውከው ባዶ ገጽ ነበር።” ከዚያ እስከ አተላው ጠጣው። እኔም የራሴን ብርጭቆ አንስቼ ጠጣሁ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ “ስም እኮ አልጠራሁም” አልኩት።

“እናቴ ምን እንዳለችም አልጠየቅከኝም” አለ። “‘ልጅ የላትም በለው። ሻይህንም ከእኔ ራቅ ብለህ ጠጣ’ ነው ያለችኝ።”

የልጅቷ ቤተሰብ ቀጠሮውን እንኳ አልጠበቀም፤ “ልጃችን ገና ናት” የሚል መልስ ላከ። እሱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። አልጋውን ባጃጁ ላይ ሳስርለት አመሰገነኝ፤ የማያውቀውን ተሸካሚ እንደሚያመሰግን፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ።

ዘዴዬን አሁንም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ። እርስዎም የማያውቁት ከተማ ሲገቡ ከገበያው ዳር ይጀምሩ። መሬት ላይ የሚቀመጠውን ጣሳ ይፈልጉና ሰው እያየዎት “ለእኔም በዚህ ይቅዱልኝ” ይበሉ። ከጠጡ በኋላ ብቻ ይጻፉ። እኔ አረካ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሦስቱንም ጊዜ በብርጭቆ ጠጥቼ መጥቻለሁ። እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።