ፖሊስ የፈተሸው ቃሪያዬ

ዛሬ ፖሊስ ቤቴ ገባ! እዚሁ ቂርቆስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ!

የጠቆመችው ጎረቤቴ አስካለ ናት። «ሽማግሌው መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ሐሺሽ ያበቅላል» ብላ።

እኔ የማበቅለው ቃሪያ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካዛንቺስ ሳለን ጠጅ ስትጥል ችግኟን ሁልጊዜ ከጋኑ ጎን ነበር የምታስቀምጠው። ጠጅ ሲብላላ የሚያወጣውን አየር ተክል ይመገበዋል። የተማሩት ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሉታል፣ እሷ «የጠጁ ትንፋሽ» ነበር የምትለው።

እኔም ጠጄን ጣልኩ፣ ትንፋሹ እንዳይወጣ መስኮቱን ሸፈንኩ፣ በፀሐይ ምትክ መብራት አበራሁ። በቃ። (እዚያ ክፍል ግን አልተኛም፤ ትንፋሹ ለሰው አይሆንም።)

ፖሊሱ ቅጠሉን አገላብጦ «አባባ፣ አንዱን ነቅለን ለምርመራ እንወስዳለን» አለኝ።

«መጀመሪያ እኔን ንቀል! ባለቤቴ የተወችልኝ የመጨረሻ ዘር ነው!»

ተክሉን ልከልል ጎንበስ ስል ከቅጠሉ ሥር ምን ባይ ጥሩ ነው? አንዲት ቃሪያ! የመጀመሪያዋ! ጠዋት እንኳ አላየኋትም ነበር። ቀጠፍኩና «እንካ፣ መርምር» አልኩት።

ቢገምጣት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ ሐሺሽ ባይሆንም ይሄ መታሰር አለበት!»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ደግሞ ሳታፍር አመሻሽ ላይ መጣች፤ «ጋሼ፣ ለሽሮዬ አንድ ቃሪያ አያጡም መቼስ?»

«ገና ምርመራ ላይ ነው» አልኳት።

እናንተስ፣ ቤት ውስጥ ባበቀላችሁት ነገር ጎረቤት ጠርጥሯችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።