ሦስተኛው ሽቦ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቆጣሪ» ይለዋል። ሞተር ሲጠቀልል ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ መሃል ላይ ሰው ካናገረው ደግሞ የጠቀለለውን ፈቶ ከአንድ ይጀምራል። እንጋባ ብሎኝ ሳስብበት ሰንብቼ፣ መልሴን ይዤ ሱቁ ድረስ ሄጄ «እሺ» ስለው ቆጠራው ሰማንያ ስድስት ላይ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል መቶ ሃያ ደረሰ፣ ሽቦውን ቆረጠና «ምን አልሽ?» አለኝ። ያን ቀን ጥዬው አለመሄዴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሥራው የተቃጠለ ሞተር ማዳን ነው። የውሃ ፓምፕ ይሁን የወፍጮ፣ ውስጡ የከሰለውን የመዳብ ሽቦ ያወጣል፣ ስንት ዙር እንደነበረ ይቆጥራል፣ ያንኑ ያህል አዲስ ሽቦ ይጠቀልልበታል። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። እሱ ይጠቀልላል፣ እኔ ከጎኑ ሹራብ እሠራለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ክረምት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይነቅለውም አለ። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከሰው ቢደብቅ አይገርመኝም፤ ከእኔም መደበቁ ግን አበሸቀኝ። ልጃችን፣ የራሱን ቤት ይዞ የሚኖር ትልቅ ሰው ነው፣ በመበየጃው ራሱን ያቃጥላል ብሎ ሰጋና በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ ይበቃሃል፣ የሱቁን ቁልፍ ስጠኝና ዕረፍ» ይለዋል። ባሌ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በመጨረሻ አንድ ቃል ሰጠው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ካበላሸ፣ እሁድ ሲመጣ ቁልፉን በገዛ እጁ ሊያስረክበው። ባሌ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፓምፕ ቢሆን ምን ነበረበት! የሒሳብ አስተማሪው መጣ። በእረፍት ቀን ሜዳው ላይ የአውሮፕላን ሞዴል እያበረረ ወደ ሰማይ እንድናንጋጥጥ የሚያደርገን እሱ ነው። ከጠርሙስ ክዳን ብዙም የማይበልጥ ሞተር ከነመቆጣጠሪያውና ከነባትሪው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ተቃጥሎብኝ ነበር፤ ይቻልዎታል?» አለ። ባሌ እኔን አየኝ፣ ሞተሩን አየ፣ ለእሁድ ይደርሳል አለው።

እኔ ነገር ካልጠየቅሁ ያንቀኛል። ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን የሌለው የባትሪ ሞተር እንዴት ይዞራል? ባሌ በግራ እጁ ከፍቶ አሳየኝ። መሃሉ ላይ ዘጠኝ ጥርስ ያለው ብረት ቆሟል፤ ዙሪያውን የከበበው ቆብ ውስጡ ማግኔት ነው። ሦስት ሽቦ አለ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥርስ ይዟል። መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው በተራ ሲያዛውረው ማግኔቱ እሱን እያባረረ ይዞራል አለኝ።

«እንግዲያው ሰውዬው ቆሞ ኮፍያው ነው የሚሽከረከረው?» ስለው ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ መሳቁ ነበር።

በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ አሥራ አራት ዙር ነው። ረቡዕ ጀመረ። ጥርሶቹ የተጠጋጉ፣ ሽቦው ቀጭን፣ እጁ ደግሞ እንደምታውቁት። የመጀመሪያውን ሽቦ ጨረሰ፣ ሁለተኛውንም በስንት መከራ ጨረሰ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ብርሃን ከለልሽብኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ ከመስኮቱ በተቃራኒ ነበርኩ፤ ምን ብርሃን እከልላለሁ? ግን አፌን ያዝኩ። ቆጠራውን ሰማሁት፤ ዘገምተኛ ነው እንጂ አንድም አላጎደለም።

ቅዳሜ በቴስተር ለካው። ሦስቱም ሽቦ ደህና፣ ከብረቱ ጋር የተነካካም የለም። ከመቆጣጠሪያው አገናኝቶ ባትሪውን ሲሰካ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ባለበት ተንቀጠቀጠ፣ አልዞርም አለ። ደገመው፣ ያው ነው። ባሌ የሚንቀጠቀጠውን ሞተር አየ፣ ወደ ኪሱ አየ።

«እንደኔው ሆነልሽ» አለ። ተነሣና ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያንን ቁልፍ ወስጄ መንገድ ላይ መወርወር አማረኝ።

ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ቴስተሩ ደህና ነው ካለ፣ ቆጠራውንም በጆሮዬ ከሰማሁ፣ ጥፋቱ የት ገባ? መነጽሬን አደረግሁ፣ የእሱን ማጉያ መስታወት ተቀበልኩ፣ ሌላ ሴት የሠራችውን ሹራብ እንደማይ አድርጌ አገላብጬ አየሁት። ስድስቱ ጥርስ ላይ ሽቦው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሦስቱ ላይ ወደ ግራ።

«እነዚህ ሦስቱ ለምን ወደዚያ ዞሩ?» አልኩት።

ማጉያውን ከእጄ ወስዶ መጥረግ ጀመረ።

«አሁን እኮ እየቆጠርክ አይደለም፤ መልስልኝ።»

«በግራ እጄ ነው የሠራኋቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀኙ እምቢ አለኝ። ይሄንን እንዳታይብኝ ነው የዞርኩት።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ ተቀምጦ፣ እኔን! ልቆጣው አፌን ስከፍት እሱ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ ግራ እጁን አየር ላይ ያሽከረክራል፣ ከዚያ ቀኙን ከኪሱ አውጥቶ ያሽከረክራል፣ ሁለቱን ያስተያያል። ግራው ማንም ሳያዘው በራሱ መንገድ ዞሮ ኖሯል።

ይፈታ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምኑ ይፈታል? ጥቅለላው ምንም አልሆነ፤ አገጣጠሙ ነው እንጂ» አለ። የሦስቱ ሽቦዎች ጫፍ አንድ ላይ ከተበየደበት የሦስተኛውን ብቻ አላቀቀ፣ የዚያኑ ሽቦ ሌላኛውን ጫፍ በቦታው አስገባ። መነሻው መድረሻ፣ መድረሻው መነሻ ሆነ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው በኩል ሲገባ፣ ተገልብጦ የተጠቀለለው ከሌሎቹ ጋር ይስማማል። መበየጃውን በግራ ያዘ፣ እኔ ሽቦዎቹን ያዝኩለት። ባትሪውን ሲሰካው ያ ጉደኛ ኮፍያ እያፏጨ ዞረ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ሁሉ በተነው።

እሁድ አስተማሪው ሞተሩን ሊወስድ፣ ልጃችን ቁልፉን ሊወስድ ሲመጡ ተገጣጠሙ። ሞተሩ እፊታቸው ዞረ። ልጃችን አባቱን አየ፣ ቁልፉ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።

ባሌ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና በሁለቱም ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ይንቀጠቀጣል። አልሸሸገውም። በግራው ቁልፉን አንስቶ ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

«ዕረፍ ካልከኝ» አለው ልጁን፣ የተዘረጋውን እጅ እያየ፣ «ይሄኛው ይረፍልህ።»