ሩዙ፣ ባቄላውና የሐናን አባት

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አንድ ሙሉ ጠርሙስ ኮምጣጤ ጨረስኩ። እትዬ ዘነበች እዚህ አሜሪካ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ዴይኬር፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ከፍተው የአበሻ ልጆች ይይዙ ነበር፤ እኔ ረዳት ሆኜ ገባሁ። «እስከ ምሳ ያለ ቲቪ አቆዪልኝ» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ ቤኪንግ ሶዳ አገኘሁ። ኩባያ ውስጥ ሁለት ማንኪያ አድርጌ ኮምጣጤ ባፈስበት አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን ሞላው። ልጆቹ ጮኹ፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ። «አጌን! አጌን!» እያሉ ጠርሙሱን አስጨረሱኝ። ይህን ሥራ እንደማልተወው ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሬይኒንግ መግባት ጀመርኩ። የተማርኩትን ለመሞከር ሰኞ አልደርስ ይለኝ ነበር። በረዶ ላይ ጨው ነስንሰን ሲሰነጣጠቅ አዳመጥን። የሜፕል ዛፍ ክንፋም ፍሬ ከደረጃ ላይ እየለቀቅን እየተሽከረከረ ሲወርድ አየን። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ጓሮ ወጥተን ትል እንፈልጋለን። ቀድማ የምትይዘው ሁሌም ሐናን ነበረች።

ሐናን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ናት። መጀመሪያ ስትመጣ ማንንም አታናግርም ነበር። ትል ካየች ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ትለፈልፋለች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አስበልጬ እወዳት ነበር።

ትሬይኒንግ ላይ ካሳዩን ሥራዎች አንዱ በሩዝ የሚሠራ ነው። ሩዙን ቀለም ቀብቶ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ማድረግ ነው፤ ልጆቹ በኩባያና በማንኪያ እየሰፈሩ መለካት ይማሩበታል። አንድ ሰኞ ሠራሁት። ልጆቹ በደስታ አበዱ፤ ምንጣፉ ሳይቀር ሰማያዊ ሩዝ ሆነ። የሐናን አባት ከድር ልጁን ሊወስድ ለፒክ አፕ የመጣው ልክ ያኔ ነው። መጋዘን ውሎ ደክሞታል። ሩዙን እንዳይረግጥ እግሩን አንስቶ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ ሰናይት፣ ይሄ እህል አይደለም እንዴ?»

«ነው። መለካት እየተማሩበት ነው» አልኩት።

«እኛ ቤት በእህል አይጫወቱም። እኔ አትንኪ የምላትን እዚህ ትርገጠው?» ጎንበስ ብሎ የልጁን ካልሲ አራገፈ። «እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ትምጣ። ከዚያ ሌላ ዴይኬር አስገባታለሁ።»

ተናደድኩ። ይበልጥ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው፤ እኔም የፈሰሰ እህል አንድ በአንድ በሚለቀምበት ቤት ነው ያደግሁት። እትዬ ዘነበች አልተቆጡኝም። «አዲስ ቦታ ከሄደች ያቺ ልጅ ተመልሳ ዝም ትላለች» ብቻ አሉኝ። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከድር ልጁን ሲያደርስ በር ላይ አስቆምኩት።

«ባቄላ ላበቅል ነው። ግማሹን እንተክለዋለን፣ ግማሹን በቆልት ቀቅለን እንበላዋለን። ቅር ይልሃል?»

«የሚዘራና የሚበላ ምን ቅር ያሰኛል» አለኝ። የዓርቡን ውሳኔ ግን አልቀየረም።

የተዘፈዘፈውን ባቄላ በብልቃጥ ውስጥ፣ በመስታወቱና በእርጥብ ፔፐር ታወል ወረቀት መካከል አስቀመጥነው። ቅዳሜና እሁድ አልፎ ስንመለስ ነጭ ሥር ወደ ታች ወጥቷል። ሐናን ብልቃጡን አንስታ በአፉ ደፋችው። ልከለክላት ብዬ ተውኩት፤ ክዳኑን ብቻ አጠበቅሁላት። በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ተቆልምሞ እንደገና ወደ ታች ዞሯል። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም እስከዚያ ዕድሜዬ ይህን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ ጠርቼ ባሳይ ደስ ባለኝ።

ዓርብ በቆልቱን በምሳ ጨረስነው። ማታ ላይ ከድር የሐናንን ልብስና ብርድ ልብስ የሚወስድበት ከረጢት ይዞ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ልጁ እጁን ይዛ ብልቃጡ ወዳለበት መስኮት ጎተተችው።

«ባባ፣ ሉክ! እኔ ገለበጥኩት፣ ኢት ተርንድ! ተመልሶ ዞረ!»

ከድር በርከክ ብሎ ትኩር ብሎ አየው። «ታች የት እንደሆነ ማን ነገረው?» አለ።

«የሥሩ ጫፍ የመሬትን ስበት ያውቃል» አልኩት።

«አሁን ብገለብጠው ድጋሚ ይዞራል?»

«ይዞራል። ጊዜ ስጠው እንጂ።»

ብልቃጡን በገዛ እጁ ገለበጠው። ሐናን ቀና ብላ አየችው።

«ነገ እናየዋለን?»

«ነገ ቅዳሜ ነው፤ ዝግ ነው» አላት።

«ታዲያ መቼ?»

ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጁ አየ። ባዶውን ከረጢት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሰኞ» አላት።

ዛሬ የራሴን ዴይኬር ነው የምሠራው። ለአዲስ ረዳት መጀመሪያ የምነግራት ይህን ነው፦ ጠረጴዛ ላይ እህል ከማውጣትሽ በፊት ወላጁን ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ቢገለብጠው አትከልክዪው።