ወደ ታች የወረደው ኔጌቲቭ

ሚዛን ተፈሪ ሂሳብ ሳስተምር ዋናው መምህር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ነበር። በእንግሊዝኛ ያለ ፋታ ይናገራል፤ ቆይ አይባል፣ ድገም አይባል። ለእኔ የምትተርፈኝ አምስት ደቂቃ ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እሷም ትሄዳለች። ታክቶኝ ነበር፤ ሰበብ አላበዛም።

ኔጌቲቭ ፓወር ያለበትን ክፍልፋይ ማቃለል ላይ ስንደርስ አቋራጭ ሰጠኋቸው። «ኔጌቲቭ ፓወር ያለውን ከላይ ካያችሁ ወደ ታች አውርዱት፤ ኔጌቲቩ ይጠፋል።» ለብዜት ልክ ነው። መደመር ካለ እንደማይሠራ ለመንገር ጊዜ አልበቃኝም። ቢበቃኝም እነግራቸው እንደነበር እንጃ።

ያኔ ተማሪ አንድ ለአምስት ይደራጃል፤ አንዱ ጎበዝ አምስቱን ያስጠናል። አንዷ መሪ ያልኩትን ቃል በቃል ይዛ ለአምስቱ አደረሰች። ከእነሱ መካከል ከአማን ከተማ ማዶ ካለ ቡና አብቃይ ቀበሌ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፦ የአሥረኛን ፈተና ካላለፈች ወደ ቤት ትመለሳለች። መሪዋም «ሂሳቡን ለእኔ ተዪው» ብላታለች።

የሞዴል ፈተናውን ሳርም ስድስቱም x⁻¹ + y⁻¹ን 1/(x + y) ብለውት አገኘሁ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ኤክስ አድርጌ አለፍኩ።

መሪዋ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ኤክስ ሆነ?»

«ሁለቱንም ፊደል ሁለት አድርጊው። ግማሽና ግማሽ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ባንቺ አሠራርስ?»

ሠራችው። «ሩብ» አለች። «እርስዎ ያሉትን በደንብ አልሰማሁም ማለት ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው።»

«በይ ሂጂና ንገሪያቸው» አልኳት።

አራቱን አግኝታ ነገረቻቸው። አምስተኛዋ፣ ከቡና ቀበሌው የመጣችው፣ ግን አባቷ ቤት ሆና ልታጠና ሄዳለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። የአሥረኛ ፈተና ጠዋት መሪዋ በር ላይ ይዛት በጥድፊያ ስታስረዳት አየሁ። ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ፈታሹን እያየች ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። እኔ ከጥበቃው አጠገብ ቆሜ ነበር።

በጥቂት ወደቀች። አንድ ጥያቄ ሰው አይጥልም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አልጽናናም።

መሪዋ አልፋ ለአሥራ አንደኛ ልትመዘገብ ስትመጣ ዝናብ እያካፋ ነበር። «ትናንት ፍራሿን አስጭኜ ሸኘኋት» አለችኝ። «ቲቸር፣ የእኔ ጥፋት ነው።»

የእኔ ነው ማለት ሁለት ቃል ነበር። «አይዞሽ» አልኳትና ዣንጥላዬን ዘረጋሁ።