ካፌው በ«አካይ» የተናወጠበት ቅዳሜ

ሶዶ ከሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሴቶች ማደሪያ የሚወስድ አንድ መንገድ ነበር። ሁልጊዜ ዳርና ዳሩ ላይ ወንዶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስናልፍ ያፏጫሉ፣ ስለ ቀሚሳችንና ስለ አካሄዳችን አስተያየት ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ ተነሥቶ ይከተላል። እኛ ሴቶቹ መንገዱን «ኬላው» እንለው ነበር። የስልክ ማዳመጫ ጆሯችን ውስጥ ሰክተን፣ አጎንብሰን፣ ፈጠን ፈጠን ብለን እናልፋለን። እኔ የቦዲቲ ልጅ ነኝ፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መስኮቱ ሥር እየተጯጯኸ የሚሸጥ ሰው መሃል ነው ያደግሁት። አፌ አያርፍም። እዚያ መንገድ ላይ ግን እኔም ዝም እል ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ስገባ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ፍሬሽ፣ ማለትም አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ተመደበች። የዲምቱ ልጅ ናት። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ያደገች። ልብስ ስታጥብ እንኳ ድምፅዋ ከብሎኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። በመጣች ማግሥት ከቤቷ የያዘችውን ዳጣ ለሁላችን አካፈለችና ያቃጠለን ሁሉ ውሃ ፍለጋ ስንሯሯጥ አልጋዋ ላይ ተንከባልላ ሳቀችብን። በሳምንት ውስጥ የክፍሉ ባለቤት እሷ ሆነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በቀኝ እጇ የግራ አንጓዋን ይዛለች። ቆዳዋ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን ፊቷን ሳይ ተውኩት። ትንሽ ቆይታ እሷው ጀመረች። ሒሳብ የሚያስጠናት አንድ ሲኒየር ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሰው ነበር። ከዚያ ፍቅረኛዬ ሁኚ አላት፤ እንደማትፈልግ ነገረችው። ደግሞ ጠየቃት፣ ደግማ አልፈልግም አለችው። ከዚያ በኋላ የስልክ ቁጥሯን ለጓደኞቹ አደለውና የማታውቃቸው ወንዶች እየደወሉ ያስቸግሯት ጀመር። በዚያን ዕለት ደግሞ ውሃ ታንከሩ ጋ ጠብቆ እጇን ጠምዝዞ ያዛትና ሊስማት ሞከረ። ታግላ አመለጠች።

«ጓደኞቹ ቆመው ያዩን ነበር» አለችኝ። «እሱ እጄን ሲጠመዝዝ እነሱ ይስቁ ነበር።»

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ልኩን ልነግረው ነው!»

«ተቀመጪ» አለችኝ። «አንቺ ዛሬ ሰድበሽው ትመለሻለሽ። ነገ በዚያ የማልፈው እኔ ነኝ።»

አንድ ጫማ እንዳጠለቅሁ ቁጭ አልኩ። «እሺ፣ አንቺ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?»

ይህን ጥያቄ የጠበቀች አይመስለኝም። ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲያቆም። ትምህርቴን ልማር። እቤት አይነገርብኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የማደሪያችንን ፕሮክተር፣ ብሎኩን የሚቆጣጠሩትን ሴትዮ፣ ሁላችንም «ማዘር» ነበር የምንላቸው። ቁጡ ናቸው። በር ላይ ካገኙሽ «ልብስሽን ከማስጫው አንሺ!» ሳይሉ አያሳልፉም። በማግሥቱ ጠዋት አብረን ስንሄድ «ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» ይሏታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሏትም። በሩን ዘጉ፣ ወንበር ሳቡላት፣ እስክትጨርስ አንድም ጊዜ ሳያቋርጧት ሰሟት።

«ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉ። «አሁን ንገሪኝ። ማን እንዲያውቅ ትፈልጊያለሽ? ማንስ እንዳያውቅ?»

እሷ ስትስማማ አብረዋት ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሄዱ። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ፤ ልጁም ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማስጠናቱን እንዲያቆምና አጠገቧ እንዳይደርስ ታዘዘ። ስልኩም ዝም አለ። እኔ ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ለእሷ አላለቀም።

«እሱስ ይጠየቃል» አለች ማዘር ፊት። «የሳቁትስ?»

ማዘር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «እኛም እኮ በየዓመቱ ሴቶቹን ብቻ ሰብስበን ‹ተጠንቀቁ› ነው የምንለው። ዘንድሮ ወንዶቹም ይምጡ!»

«ድራማ እንሥራ!» አልኩ እኔ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ግን ተመልካቹ መሃል ላይ እያስቆመ የሚያስተካክለው ድራማ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልያዘኝም ብል ማጋነን አይሆንም፤ በደስታ። ሁለታችንም የወንዶቹን ብሎክ ተጠሪ ፍለጋ ሄድን። የሶዶ ልጅ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። የካፌው በር ላይ አገኘነውና ዕቅዳችንን ነገርነው።

«ልትሰድቡን ከሆነ ማንም አይመጣላችሁም» አለ።

«መስደብማ ብንፈልግ እዚሁ እንሰድብህ ነበር፤ አዳራሽ ማስፈቀድ ምን አስፈለገን?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «እኔም እዚያ መንገድ ላይ እቀመጣለሁ። አልለክፍም። ሌሎቹ ሲለክፉ ግን እስቃለሁ። … መጥፎውን ልጅ እኔ ልጫወተው።»

ልምምዱን ከማደሪያው ጀርባ፣ አንሶላ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ጀመርን። የተለከፈችዋን ልጅ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ተጠሪው መጥቶ እጄን ሲይዝ «እ… አይ… ይቅርታ፣ ክላስ አለኝ» አልኩ፤ ድምፄ ራሱ አልወጣም። የዲምቷ ልጅ በሳቅ ሞተች።

«ጮክ በይ እንጂ!»

ተጠሪው ግን እጄን ለቀቀና ራሱን እያከከ ቆመ። «ቆይ፣ ቀስ ብላ ብትለውም እኮ አይ ማለቷ ነው። ክላስ አለኝ ብላ እጇን እየጎተተች ምን ሌላ ትርጉም ይኖረዋል? መስማት ያለበት እሱ ነው።»

ሦስታችንም ተያየን። ድራማው ማለት ይህ ነው አልን! ያንን ንግግሩን እንዳለ ከተትነው። እሷ ደግሞ፣ «እቤታችን ‹አካይ› ነው የሚባለው» አለች። በወላይትኛ እምቢ፣ አይሆንም ማለት ነው። እሱንም ጨመርነው።

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ሰው አይመጣም ብለን ስንጨነቅ ካፌው ጢም ብሎ ሞላ። ጠረጴዛ ላይ የቆመ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ፣ ከሥር የሰው ጫጫታ። ድራማው ተጀመረ። ተጠሪው መጥቶ እጄን ያዘኝ፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ «ክላስ አለኝ» አልኩ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸ መሰለኝ።

ማዘር አጨበጨቡና አስቆሙን። «የሳቀ ሰው አይፈር» አሉ። «ግን ማነው መጥቶ ይህን የሚለውጠው?»

ከዚያ ከኋላ አንድ የዱቦ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ፣ ተነሣ። ወንበር እየተሻገረ መጣና ተጠሪውን ትከሻውን ያዘው። «ወንድሜ፣ አልፈልግም ብላሃለች። ና እንሂድ።»

«አንተ ምን አገባህ?» አለ ተጠሪው፣ በደንብ እየተጫወተ።

ይሄኔ ሌላ ወንድ ከጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወረደ፣ «ያገባናል!» እያለ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች። አንዷ ተጠሪውን ትታ ወደ እኔ መጣች። «ደህና ነሽ? አብሬሽ ልሂድ?» አለችኝ። በድራማው ውስጥ ነው፤ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የዲምቷ ልጅ ዳር ላይ ቆማ ነበር። መናገር በዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም። ወደ መሃል ወጣች።

«ይሄ በእኔ ላይ ደርሷል» አለች። ማንንም አልጠራችም። «የያዘኝ አንድ ሰው ነው። የሳቁት ብዙ ነበሩ። አንድ ሰው ‹ና እንሂድ› ብሎት ቢሆን እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ አካይ፣ እምቢ ብያለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ የመዘምራን ድምፅዋን። «አካይ ማለት?»

«አካይ!» አለ ከፊት ያለው። ወላይትኛ የማያውቁት ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ «አካይ! አካይ!» እያሉ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። የካፌው ሠራተኞች ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጡ። እንዲህ ያለ ጩኸት እዚያ ግቢ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ያበቃ ሲመስለን አንድ ዓይን አፋር ልጅ እጁን አወጣ። «እሺ፣ የምንወዳት ልጅ ብትኖርስ? እንዴት ነው የምንጠይቃት?»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፣ ይህኛው ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም። ክርክሩ ተጧጧፈ። «በግልጽ ንገራት፣ ጓደኛ አትላክ!» «መንገድ አትዝጋባት!» «አይ ካለችህ እሺ በል፣ ነገም ሰላም በላት!» «እሺ ካለች በኋላም እኮ ሐሳቧን መቀየር ትችላለች!» ወንዶቹም ሴቶች እንዴት እንደሚያስከፏቸው ተናገሩ፤ እኛም ሰማን። ማዘር እራት ደርሷል ብለው ባያስወጡን እዚያው እናድር ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ለወራት ዝም ብለው የቆዩ ሴቶች የማዘርን በር ማንኳኳት ያዙ። ለከፋው በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ አሁን ግን አንዱ ሲጀምር ከጎኑ «ተው እንጂ» የሚል አይጠፋም። ኮሚቴው ልጁን ጥፋተኛ ብሎ ለአንድ ሴሚስተር አገደው። እሷ ዜናውን ስትሰማ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ከዚያ ለፈተና እንዳስጠናት ጠየቀችኝ።

በቀጣዩ ዓመት አዲስ ገቢዎች ሲመጡ የአቀባበሉን ንግግር እንድታደርግ የመረጧት እሷን ነው። ሴቶችና ወንዶች አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ማይክሮፎኑን መታ መታ አድርጋ «ሳሮ!» አለች፣ ሰላም ስትል፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ መለሰላት።