በማለዳ ያደረስነው የደም ውጤት

እናቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ደሟ ግን ተሳፍሯል። ያን ሰሞን ለሚጠይቃት ሁሉ፣ «እኔ ፓስፖርት እንኳ የለኝም፣ ደሜ ግን ውጭ አገር ገባ» እያለች ትስቅ ነበር።

የትልቁ አንጀቷ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ፣ ካሳንቺስ የሚከታተላት ሐኪም አዲስ የደም ምርመራ እንዳለ ነገረን። ካንሰሩ የሆነ ቦታ ተደብቆ ቀርቶ ከሆነ የዘረመሉን ፍርፋሪ ደም ውስጥ ይጥላል። ያ ፍርፋሪ ደግሞ አንዳንዴ እብጠቱ በሲቲ ስካን ከመታየቱ በፊት ይገኛል። ናሙናው የሚመረመረው ውጭ ነው። «ከተገኘ ኬሞ እንጀምራለን፤ ካልተገኘ እየደጋገምን እንከታተልዎታለን» አላት። እናቴ በጥሞና አዳመጠችውና፣ «እንግዲህ ሲበላ የሚያፈረፍር ሌባ ነው በሉኛ» አለችው። ሐኪሙም ሳቀ።

ለእኛ ለሦስቱ ልጆቿ ግን ሳቅ አልሆነልንም። እኔ መቼም ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ከረምኩ። እህቴ ሜክሲኮ ያለው መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በማይረባው ሁሉ ከሰው ትጋጫለች። ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። ፈርተን ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

ውጤቱ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጣ። ሐኪሙ ራሱ ደወለልኝና፣ «ምንም አልተገኘም» አለኝ። ለዘለዓለም ማለት እንዳልሆነ፣ ከወራት በኋላ እንደሚደገምም አስከትሎ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እናቴ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው፤ ገና በጊዜ ዘግታው ትተኛለች። ወንድሜ፣ «በቃ፣ ይሄማ በስልክ አይነገርም። ጠዋት ኪዳን ሳትሄድ አብረን ደርሰን እንንገራት» አለ። ሐሳቡ ለሁላችንም ጥሩ መሰለን።

ሊነጋጋ ሲል ላንቻ ታክሲ ተራው ጋ ተገናኝተን፣ ሦስታችንም በሯን አንኳኳን። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚያመጣው መርዶ መሆኑን ነው። ጎረቤቷ በመስኮት አይታን ኖሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላችን ቆማለች።

እናቴ በሩን ከፈተች። ፊታችንን ተራ በተራ አየችና፣ ቀስ ብላ «ንገሩኝ» አለች። እንንገራት ያለው ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

«እማዬ፣ ደምሽ ንጹሕ ነው። ምንም አልተገኘም» አልኳት።

በሩን ተደገፈች። ከዚያ ቁጣው መጣ። «ታዲያ እንደ ሰው በምሳ ሰዓት አትመጡም? ደስታ በዚህ ሰዓት ይነገራል?»

ጎረቤቷ ነጠላዋን እየገለበጠች፣ «እኔማ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት ልል ነው የመጣሁት» አለች። ያኔ ሁላችንም ሳቃችን አመለጠን፤ እናቴም ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

ገብተን ስንቀመጥ እጇን ያዝኩና፣ «ለራስሽ ፈርተሽ ነበር አይደል?» አልኳት።

«ለራሴ?» አለች። «በሩን ስከፍት ዓይኔ የፈለገው የጎደለ ልጅ ነው። ሦስታችሁም ስትኖሩ፣ እንግዲያውስ መርዶው የራሴ ነው ብዬ እፎይ አልኩ።»